ልውጣ ለሚል ሕፃን የሚገባው መልስ

በየካቲት ወር 2017 ዓመተ ምሕረት የደቡብ ሱዳን መንግሥት በአገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለሁለት ሳምንት እንዲዘጉ ባዘዘ ጊዜ ለትእዛዙ የቀረበው ምክንያት ጦርነትም ወረርሽኝም ሳይሆን የፀሐይ ሐሩር ነበር፤ የትምህርት ምክትል ሚኒስትሩ ማርቲን ታኮ ሞይ በጁባ ከተማ በየቀኑ በአማካይ 12 ተማሪዎች በሙቀት ተዝለፍልፈው ይወድቁ እንደ ነበር ለሕዝብ አስታወቁ፤ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯ ጆሴፊን ናፕዎን ኮስሞስም ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዲሰነብትና ውኃ አዘውትሮ እንዲጠጣ መከሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በመጋቢት 2016፣ ይህንኑ የመሰለ ትእዛዝ በዚሁ ምክንያት ወጥቶ ነበርና ነገሩ የአንድ ወቅት ድንገተኛ መቅሠፍት ሳይሆን በየበጋው የሚመለስ ፈተና መሆኑ ታውቋል። የሕፃናቱ መማሪያ ክፍል በብዙው ቦታ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አንዳንዱም ግድግዳው ጭምር ቆርቆሮ የሆነ፣ መብራትና ማቀዝቀዣ ያልገባለት ስለ ሆነ፣ በውስጡ ተፋፍጎ ለሚቀመጥ ልጅ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር፣ ከሐኪም ቢመጣ ከሚኒስትር፣ ያው ውኃ ጠጣ የሚለው ነው።

ውኃ የጠጣ ሕፃን ደግሞ መሽናቱ አይቀርም። ፈጣሪ ሥጋችንን ሲያበጅ ከሠራለት ሥርዓት አንዱ ይህ ሲሆን፣ ከንጉሥ እስከ ለማኝ ማንም ከእርሱ ነፃ ያልወጣበት ሕገ ጠባይዕ በመሆኑ፣ በአንድ አፍ ጠጣ ብሎ በሌላ አፍ አትወጣም ማለት እርስ በርሱ የሚጣላ ትእዛዝ ነው። ሕፃኑም ከሁለቱ ትእዛዞች አንዱን መተው ግድ ሲሆንበት የሚተወው ያለ በትር የተነገረውን፣ ማለት መጠጣቱን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልሟገትለት የተነሣሁት ሐሳብም አንድ ነው፤ ይኸውም በትምህርት ሰዓት ለፈቃደ ሥጋ ልውጣ ብሎ የሚጠይቅን ልጅ ማስወጣት በመምህሩ በጎ ፈቃድ የሚሰጥና የሚነሣ ችሮታ ሳይሆን፣ ትምህርት ቤቱ ልጁን ከወላጁ እጅ በተረከበ ጊዜ አብሮ የተረከበው ግዴታ ነው የሚል ነው።

ይህን የምጽፈው ከጀበል ኩጁር ግርጌ ሆኜ ነው። ጀበል ኩጁር ከጁባ በስተ ምዕራብ፣ ወደ የይ ከተማ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ የሚታይ ድንጋያማ ተራራ ሲሆን፣ ከወገቡና ከግርጌው ቋጥኝ እየፈነቀሉ፣ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ጠጠር አድርገው ለግንበኛ የሚሸጡ እናቶች በጨርቅና በሣር ዳስ ጥላ ሥር ዓመቱን ሙሉ ይታያሉ፤ ከትምህርት ቤት መልስ፣ አንዳንድ ጊዜም በትምህርት ቤት ፈንታ፣ ልጆቻቸው ከጎናቸው ተቀምጠው ይቀጠቅጣሉ። ለከተማይቱ ቤቶች መሠረት የሆነ ብዙ ጠጠር ከዚህ ቦታ ተጭኖ ወርዷል። ለግንበኛው በረከት የሆነው ይህ ዐለት ግን ለጕድጓድ ሽንት ቤት ጠላት ነው፤ ቆፋሪው ጥቂት ክንድ ወርዶ ዶማው ድንጋይ በነካ ጊዜ ሥራው ይቆማል፤ የተቆፈረውም ጥልቀት ስለሌለው ፈጥኖ ይሞላል፤ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ለማስመጣት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ የለውም። እንግዲህ በዚህ ሰፈር ስለ ልጆች መውጫ ስንነጋገር ስለ መምህሩ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ስለ መሬቱም ጭምር እንደምንነጋገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ከተራራው ግርጌ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ልናገር፤ እንደ እርሱ ያለ ብዙ ስለ ሆነ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም። የሽንት ቤቱ ቁልፍ በአንድ የጣውላ ቁራጭ ላይ በሽቦ ታስሮ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ከሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ልጁ ለመውጣት ሲሻ በመጀመሪያ እጁን አንሥቶ መምህሩን፣ ቀጥሎ በደጃፉ የቆመውን ተረኛ፣ በመጨረሻም ርእሰ መምህሩን መጠየቅ አለበት፤ ርእሰ መምህሩ እንግዳ ይዞ ወይም ፓያም ወደሚባለው የአካባቢው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዶ እንደ ሆነ ቁልፉ እንደ ተሰቀለ ይውላል። የቆርቆሮው በር ከውስጥ መቀርቀሪያ ስለሌለው ሴቶቹ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ አንዲቱ ስትገባ ሌላይቱ በሩን በሁለት እጇ ገፍታ ይዛ ትቆማለች። በስተጎን ለእጅ መታጠቢያ ተብሎ ቧንቧ የተገጠመለት ቢጫ ጀሪካን አለ፤ እኔ ባየሁት ቀን ባዶውን ነበር። ከትንንሾቹ ክፍሎች በአንዱ የምትማር ሕፃን ጠዋት እናቷ በያዘችላት የውኃ ላስቲክ ላይ አፏን ብቻ አርሳ ስትመልሰው አይቼ ለምን እንደማትጠጣ ብጠይቃት፣ «ከጠጣሁ ይመጣብኛል» ብላ መለሰችልኝ። የዕድሜዋን ትንሽነት ላየ ሰው፣ ጥማትን ለመታገሥ የደረሰችበት ይህ ስሌት እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ ያስተማራት መጽሐፍ የለም፤ የትምህርት ቤቱ ሥርዓት ራሱ አስተማራት እንጂ።

ሐኪሞች የሕፃናትን ፊኛ መጠን የሚገምቱበት ቀላል ስሌት አላቸው፤ በልጁ ዕድሜ ላይ አንድ ደምረው በ30 ያባዙታል፤ የሚገኘውም ቍጥር ፊኛው በሚሊ ሊትር የሚይዘው ልክ ነው። በዚህ ስሌት የ7 ዓመት ልጅ ፊኛ 240 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ይኸውም ከአንድ የውኃ ብርጭቆ እምብዛም አይበልጥም፤ በጥቁር ሰሌዳው ፊት የቆመው ጎልማሳ መምህር ግን የዚህን እጥፍ ያህል ሊይዝ ስለሚችል፣ እኔ እችላለሁና እርሱም ይቻል የሚለው ፍርድ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ጤነኛ ልጅ በቀን ውስጥ ከ4 እስከ 7 ጊዜ ያህል ይሸናል፤ 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በታች የሆነ እንደ ሆነ ሐኪሙ ምክንያቱን ይመረምራል። ከጠዋት እስከ ቀትር በኋላ ሽንቱን ቋጥሮ እንዲውል የሚገደድ ልጅ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስም ሩጫው ወደ ሽንት ቤት እንጂ ወደ ምሳ ያልሆነ ልጅ፣ ያለ አንዳች ደዌ ደዌ ያለበትን ሰው ኑሮ ይኖራል ማለት ነው።

መቋጠሩ ልማድ ሲሆን ጕዳቱ ይከተላል። ፊኛው በሙሉ መፍሰሱን ይተውና በውስጡ የሚቀረው ሽንት ለተውሳክ ማደሪያ ይሆናል፤ በተለይ ሴቶች ልጆች በተፈጥሮ የሽንት መውጫቸው አጭር በመሆኑ በሽንት ቧንቧ ሕመም ፈጥነው ይያዛሉ። ዐይነ ምድርን መያዝ ደግሞ የሆድ ድርቀትን ያመጣል፤ የደረቀው አንጀት ፊኛውን ስለሚጫን፣ ልጁ ከቀድሞው አብልጦ ለመውጣት ይጠይቃል፤ መምህሩም ይህን እንደ አመል ቈጥሮ አብልጦ ይከለክለዋል። በዚህ ሙቀት ውኃ የራቀው ኵላሊት ለጠጠር የተጋለጠ መሆኑን ሳንጨምር ማለት ነው። ከዚህም በላይ በዓባይ ዳር በሚኖር ሕዝብ መካከል ቢልሃርዚያ አለ፤ ሽንትን ከደም የሚቀላቅልና ቶሎ ቶሎ የሚያስወጣ ዓይነት አለው። ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም ያለበት ልጅ ኵላሊቱ ሽንትን ማወፈር ስለማይችል ብዙ መጠጣትም ብዙ መውጣትም ግዱ ነው፤ ቢደርቅበት ብርቱ ሥቃይ ይነሣበታል። የስኳር ሕመም የጀመረው ሕፃንም በመጀመሪያ የሚታይበት ምልክት ጥማትና ሽንት ማብዛት ነው። በቀን አራት አምስት ጊዜ ልውጣ የሚለውን ልጅ ሰነፍ ነው ብሎ የሚያስቀምጠው መምህር፣ ቀርቦ ቢጠይቀውና ለወላጁ ቢልክ ኖሮ የሕይወቱ አዳኝ ሊሆን ይችል ነበር።

ከሥጋው ጕዳት ይልቅ እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ግን በነፍሱ ላይ የሚደርሰው ነው። ልውጣ ብሎ ተከልክሎ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ የመምህሩን ቃል አንዱንም ሳይሰማ የቆየ ሕፃን በመጨረሻ ሲያመልጠው በጓደኞቹ ፊት የሚቀበለው ውርደት ከዚያች ሰዓት ጋር የሚያልፍ አይደለም። ሳቁ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ይሄዳል፤ ልጁ ከተቀመጠበት ለመነሣት አይደፍርም፤ ደወል ሲደወል ሁሉም እስኪወጣ ይጠብቃል፤ በማግሥቱ ሽንታም የሚል ስም ወጥቶለት ይጠብቀዋል። ይህ ስም በመጫወቻው ሜዳ፣ በመንገድ፣ እስከ ሰፈሩ ድረስ ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ እያለ ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ ሲያጋጥም ወላጁ ለምን እንደ ሆነ አይረዳም፤ ልጁም ኀፍረቱን ለአባቱ አይናገርም። የስምንት ዓመት ሕፃን ሕይወቱን በሙሉ የሚያስታውሰውን ውርደት የተቀበለው ምንም ሳያጠፋ፣ እንዲያውም እንደ ሥርዓቱ እጁን አንሥቶ ፈቃድ ጠይቆ መሆኑን ስናስብ፣ ቅጣቱ የወረደበት በመታዘዙ ነው ማለት ይሆናል።

የሴቶቹ ልጆች ነገር ደግሞ የራሱ ምዕራፍ አለው። የወር አበባዋ በክፍል ውስጥ የጀመራት ልጅ ልውጣ ስትል ለምን የሚል ጥያቄ ይጠብቃታል፤ በዚህ አገር ከመምህራኑ አብዛኞቹ ወንዶች ስለ ሆኑ፣ መቶ ያህል ጆሮ በሚሰማበት ክፍል መልሱን ለመናገር ከምትደፍር መቀመጡን ትመርጣለች፤ ወይም ያን ሰሞን ጨርሳ ትቀራለች። ስለዚህ በየትኛውም ትምህርት ቤት ቢሆን ሴት ልጅ ምክንያቷን በአደባባይ እንድትናገር መጠየቁ ራሱ መቅረት ያለበት ነውር ነው። ከአጥር ውጭ ወደ ቁጥቋጦ ለመሄድ የተገደደችው ልጅ የሚያሰጋትን አደጋ ግን መናገር እንኳ አያስፈልገኝም፤ እናቶች ሁሉ ያውቁታል።

መምህራኑ የሚሉትን ሳይሰሙ መፍረድ ከፍርደ ገምድልነት አይለይም። እነርሱ የሚሉት ይህ ነው፤ አንዱን ባወጣነው ጊዜ ሌላው ይከተላል፤ ሦስቱ ከሽንት ቤቱ ኋላ ተገናኝተው ሲጫወቱ ትምህርቱ ያልፋቸዋል፤ ከግቢ ሾልኮ የወጣ ልጅ መኪና ቢገጨው የምንጠየቀው እኛ ነን፤ በአንድ ክፍል ሰማንያና መቶ ልጅ ይዘን በየደቂቃው በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ማስተማር አንችልም። ይህን የሚሉት ሰዎች ደመወዛቸው ለወራት ሳይከፈል እየቀረ፣ ከማስተማሩ በኋላ ሌላ ሥራ ሠርተው ልጆቻቸውን እያበሉ ጠመኔ ይዘው የሚቆሙ ስለ ሆኑ፣ ቃላቸውን በንቀት የሚያልፍ ሁሉ በደለኛ ነው። የሚሉትም እውነት አለበት፤ ሽንት ሳይኖረው ልውጣ የሚል ልጅ አለ፤ እኛም ተማሪዎች በነበርን ጊዜ ነበረ።

ዳሩ ግን ሁለቱ ስሕተቶች በሚዛን ሲቀመጡ አይተካከሉም። መምህሩ ያልቸገረውን ልጅ ቢያወጣ የሚጠፋው አምስት ደቂቃ ነው፤ የቸገረውን ቢከለክል የሚጎዳው የልጁ አካልና ክብር ነው። አስመሳዩን ከእውነተኛው ለይቶ ለማወቅ ደግሞ ለመምህሩ የተሰጠው መሣሪያ የለም፤ በሌላው ሰው ፊኛ ላይ ዳኛ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው የለምና። ልጁ የሚያስመስለው ትምህርቱ ሰልችቶት ከሆነ፣ ሙቀቱ አስጨንቆት አየር ለመተንፈስ ከሆነ፣ ያም ቢሆን ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው እንጂ በሩን በመዝጋት የሚድን አይደለም። የክፍሉን ሥነ ሥርዓት ስለ መጠበቅ ከታሰበም፣ ሽንቱ የወጠረው ልጅ በአካል ተቀምጦ በልቡና የሌለ ስለ ሆነ፣ በከለከሉት ጊዜ ያተረፉት ትምህርት የለም።

በአገራችን በኢትዮጵያ ለአርጩሜ የማይሳሱት የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን በዚህ ነገር ከብዙ ዘመናዊ መምህራን ይልቅ ርኅሩኆች እንደ ነበሩ እኔ የማስታውሰው ነው፤ ፊደል የሚቈጥር ሕፃን ከተቀመጠበት ተነሥቶ «የኔታ፣ ውጭ ልውጣ» ሲል የኔታ ዐይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሡ ራሳቸውን በመነቅነቅ ያሰናብቱት ነበር፤ ሲመለስም የት ነበርክ የሚለው የለም፤ ፊደሉን ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ ከየት መጣ ቢሉ ከመጽሐፍ ነው ብዬ አስባለሁ። ሙሴ ለሕዝበ እስራኤል በሠራው ሥርዓት፣ በኦሪት ዘዳግም 23ኛው ምዕራፍ፣ ከሰፈር ውጭ ለፈቃደ ሥጋ የሚወጡበት ቦታ እንዲለይ፣ መቆፈሪያም እንዲያዝና ዐይነ ምድሩ በዐፈር እንዲሸፈን ታዟል፤ ይህም የታዘዘው ሰፈሩ እግዚአብሔር የሚመላለስበት በመሆኑ ነው። ለጦር በሰፈረ ሠራዊት መካከል እንኳ ሕጉ የደነገገው ስለ ቦታውና ስለ ንጽሕናው ነው፤ ተቋጥሮ ይዋል የሚል ትእዛዝ በዚያ አይገኝም።

የዘመኑ ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓመተ ምሕረት ነፃነቷን ባወጀች ጊዜ ያጸደቀችው የሽግግር ሕገ መንግሥት በ17ኛው አንቀጹ፣ ልጅ ሁሉ ወላጆችና የትምህርት ቤት አስተዳደር ጭምር ከሚፈጽሙበት የአካል ቅጣትና ጭካኔ የተመላበት አያያዝ የተጠበቀ እንዲሆን ደንግጓል። የኢትዮጵያ የ1987 ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጹ በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያዎች ስለሚደርስ የአካል ቅጣት ይህንኑ የመሰለ ጥበቃ አድርጓል። በአዲስ አበባ በሐምሌ 1982 የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር፣ እንደዚሁም የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ስምምነት፣ የትምህርት ቤት ተግሣጽ የልጁን ሰብአዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያስገድዳሉ። ልጅን በጓደኞቹ ፊት በገዛ ሽንቱ እንዲርስ እስከ ማድረስ መከልከል ከዚህ ጥበቃ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም፤ ዱላ ባይነሣም በደሉ ተፈጽሟል።

ነገሩ የድኃ አገር ብቻ ጣጣ አይምሰለን። በየካቲት 2015 በእንግሊዝ አገር በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ሰልፍ የተሰለፉት፣ ካነሣሣቸው ምክንያት አንዱ በትምህርት ሰዓት ሽንት ቤት መዘጋቱ ነበር፤ በዚያ አገር ውኃና ንጹሕ ሽንት ቤት ሞልቶ ሳለ የጐደለው ፈቃዱ ብቻ ነበረ። በጁባ ግን ሁለቱም ጐድለዋል፤ ስለዚህ ፈቃዱን ብቻ ስንጠይቅ ግማሹን እንደ ጠየቅን ይቈጠራል።

እስቲ እናስላው። አራት መቶ ልጆች ያሉበት ትምህርት ቤት ሁለት በር ያለው አንድ ሽንት ቤት ቢኖረውና ዕረፍቱ ሃያ ደቂቃ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢወስድ በዚያ ዕረፍት የሚስተናገዱት 20 ልጆች ናቸው፤ 380ዎቹ ደወሉ ተደውሎባቸው ወደ ክፍል ይመለሳሉ። በዕረፍት ለምን አልሄድክም የሚለው የተለመደ ተግሣጽ በዚህ ቦታ ትርጕም የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ያወጣው መለኪያ ለ25 ሴቶች ልጆች አንድ፣ ለ50 ወንዶች ልጆች አንድ ሽንት ቤት ከመሽኛ ገንዳ ጋር እንዲኖር ይላል፤ ስለዚህ ግማሾቹ ሴቶች ቢሆኑ ለእነዚህ አራት መቶ ልጆች 12 በር ያስፈልግ ነበር። ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በየካቲት 2015 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ክፍያ እንዲቀር ማወጃቸው የሚመሰገን ሥራ ነው፤ በክፍያ ምክንያት የቀሩ ልጆች መምጣት አለባቸውና። ጕድጓዱ ግን ከተማሪው ጋር አልበዛም።

ንጽሕናውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በግንቦት 2006 በጁባ የኮሌራ ወረርሽኝ በታወጀ ጊዜ፣ ደግሞም በጥቅምት 2017 ከሰሜኑ ከሬንክ ተነሥቶ አገሪቱን ባዳረሰ ጊዜ የሆነውን ያየን ሰዎች፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ በክፍል ውስጥ ይቆይ ብሎ መከልከል አብረውት የተቀመጡትን ሁሉ ለአደጋ መስጠት እንደ ሆነ እናውቃለን። ሳሙናና ውኃ የሌለበት ሽንት ቤት ደግሞ ልጁን ከአንዱ አደጋ አውጥቶ ወደ ሌላው ይልከዋል። የከተማው ብዙ ሕዝብ ውኃ የሚገዛው ከነጭ ዓባይ እየቀዱ ከሚያመላልሱ ቦቴ መኪናዎች ነው፤ ከእነዚህም ባለቤቶችና አሽከርካሪዎች መካከል የአገራችን ልጆች ይገኛሉ። እንግዲህ እንግድነታችንን አምነው የተቀበሉን የዚህ አገር ሰዎች ልጆቻቸውን ከልጆቻችን ጋር በአንድ አግዳሚ ካስቀመጡ፣ በየሰፈራችን ላለው ትምህርት ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ በርሜል ሞልቶ ማለፍ ለባለ ቦቴው ከባድ አይሆንበትም፤ በጀበል ገበያ ሱቅ ያለው ነጋዴ ሳሙናውን፣ ግንበኛው የአንድ ቀን ጕልበቱን ቢሰጥ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን መዋጮ ከሚውልባቸው ጕዳዮች ሁሉ ይህ ፊተኛው ይሆናል። በዐለቱ ላይ ጕድጓድ መቆፈር ካልተቻለም ከመሬት ከፍ አድርጎ ገንብቶ በደረጃ መውጣት ይቻላል፤ የፍሳሽ መኪናውም መግቢያ ሊተውለት ይገባል።

ለክፍሉ ሥርዓት የሚሆነው መላ ደግሞ ወጪ የለበትም። በየክፍሉ በር አጠገብ ሁለት የእንጨት ምልክቶች ይሰቀሉ፤ አንዱ ለወንድ፣ አንዱ ለሴት ይሁን፤ የቸገረው ልጅ ማንንም ሳያነጋግር ምልክቱን አንሥቶ ይውጣ፤ ምልክቱ እስኪመለስ ሌላው ይቆይ፤ የባሰበት ቢኖር ግን ለመምህሩ በእጁ ያመልክት። ሴቶች ልጆች ሁለት ሆነው እንዲሄዱ ይፈቀድ። ዕረፍቱ ለትንንሾቹና ለትልልቆቹ በተለያየ ሰዓት ይሁን፤ ሃያ ደቂቃው ሁለት ጊዜ ሲሆን ወረፋው ይቀልላል። አዘውትሮ የሚወጣ ልጅ ቢኖር መምህሩ በአደባባይ ሳይሆን ለብቻው ይጠይቀው፤ ሕመም ከሆነ ለወላጁ ይላክ፤ ስንፍና ከሆነም ያኔ ይገሠጽ። በፈተና ቀን ተቆጣጣሪ ደጅ ድረስ ይሸኘው። የሴቶች ልጆች ጕዳይ ለአንዲት መምህርት ይሰጥ፤ መምህርት ከሌለች ከእናቶች አንዲቱ ትመረጥ፤ ጨርቅና ሳሙና በእርስዋ ዘንድ ይቀመጥ።

የሚቀጥለው በጋ ሳይገባ በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ መጠራቱ አይቀርም፤ በዚያ ስብሰባ ስለ ደንብ ልብስና ስለ መዋጮ ከሚነሣው በፊት ይህ ነገር እንዲነሣ ወላጆችን እለምናለሁ፤ ርእሳነ መምህራኑም አሳፋሪ ወሬ ነው ብለው እንዳያቋርጧቸው እማጠናለሁ። አዲሱን ሽንት ቤት ለመሥራት ገንዘቡም ጊዜውም ያስፈልጋል፤ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ልጁን ማስወጣቱ ግን ግንበኛም ዶማም አይጠብቅም፤ ርእሰ መምህሩ ቁልፉን ከቢሮው አውጥቶ ለተረኛው ቢሰጥና ለመምህራኑ አንድ ቃል ቢነግራቸው ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ይችላል።